«ጌት» ማለት «ማግኘት» ብቻ አይደለም፦ ቃሏን ሳንሸመድድ የምንለምድበት መንገድ

ትምህርት ቤት እያለን ሁላችንም ደብተራችንን ለሁለት ከፍለን የቃላት ፍቺ ጽፈናል፣ በግራ እንግሊዝኛው በቀኝ አማርኛው፣ እና ጌት የምትለዋ ቃል ፊት ለፊት የተጻፈችው ፍቺ «ማግኘት» ነበረች። በቃ። ስህተት አይደለም፣ ማግኘትም ነው። ችግሩ ያቺ አንዲት ፍቺ ጭንቅላታችን ውስጥ ተቆልፋ ቀረች፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ሂሳቡንም በእንግሊዝኛ ተምረን ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ጨርሰን አንድ ቀን አንድ ሰው እጁ ሙሉ ዕቃ ይዞ «ኩድ ዩ ጌት ዘ ዶር?» ሲለን «በሩን ማግኘት ትችላለህ?» ብለን ተርጉመን ግራ ገብቶን እንቆማለን። ሰውየው ያለው እኮ «በሩን ክፈትልኝ» ነው።

እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ ለመጡ ልጆች እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፣ እና እስካሁን ሰው ሲያስቸግር ያየሁት ከባድ ከባዱ ቃል አይደለም። ከባዱን ቃል ስልክ ላይ ጎግል አድርገህ ትገላገለዋለህ። የሚያስቸግረው ይሄ በየደቂቃው የሚሰማው ትንሹ ቃል ነው። አንዲት ልጅ በመጣች በሁለተኛ ወሯ ቡና መሸጫ ተቀጠረች፣ የመጀመሪያው ደንበኛ «ካን አይ ጌት ኤ ስሞል ኮፊ?» አላት፣ እሷ «ትንሽ ቡና ማግኘት እችላለሁ ወይ፣ አለ ወይ» ብሎ የጠየቃት መስሏት «የስ» ብላ ቆመች፣ እሱም ቡናውን እየጠበቀ ቆመ፣ ሰልፉ ረዘመ፣ ኃላፊዋ መጥታ ሰው ፊት ተቆጣቻት። ማታ እያለቀሰች ነው የነገረችኝ። ያ ነገር አሁንም ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም ልጅቷ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አንድም የማታውቀው ቃል አልነበረም። «ካን አይ ጌት» ማለት እዚህ አገር «ስጪኝ እስኪ» ማለት ነው፣ ማዘዣ ነው፣ ትእዛዝ ተቀብለሽ መቅዳት ነው የሚጠበቅብሽ።

ስለዚ ይሄን ጽሁፍ የምጽፈው ለእሷና ለመሰሎቿ ነው። እንግሊዝኛውንም ሆን ብዬ በራሳችን ፊደል ነው የጻፍኩት፣ ልጆቻቸው ጋ የመጡ እናቶችም አባቶችም ጮክ ብለው እያነበቡ ጆሯቸውን እንዲያለማምዱበት።

መጀመሪያ ደብተሩ ላይ ያለውን ፍቺ እንቀይረው

«ማግኘት» የሚለውን ሰርዙና «መድረስ» ብላችሁ ጻፉ። ለምን መሰላችሁ፣ የኛ «ደረሰ» ልክ እንደ ጌት ሁለት አቅጣጫ አለው። «መልእክትህ ደረሰኝ» እንላለን፣ ነገሩ ወደኔ መጣ ማለት ነው። «ቤት ደረስኩ» እንላለን፣ እኔ ወደ ነገሩ ሄድኩ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በጌት ነው የሚለው፦ «አይ ጎት ዩር ሜሴጅ»፣ «አይ ጎት ሆም»። ጎት ያው የጌት ያለፈ ጊዜ ነው። እንግዲህ ጌት በመጣች ቁጥር ራሳችሁን መጠየቅ ያለባችሁ አንድ ጥያቄ ነው፦ ምኑ ነው የደረሰው? ዕቃ ሰው ጋ ደረሰ? ሰው ቦታ ጋ ደረሰ? ወይስ ሰውየው አንድ ሁኔታ ላይ ደረሰ፣ ድካም ላይ፣ ንዴት ላይ፣ ትዳር ላይ? ሁልጊዜ ቅድም ያልነበረ ነገር አሁን አለ፣ ያ ለውጥ ነው ጌት።

ደሞ አንድ ቃል ይሄን ሁሉ ትርጉም መሸከሙ ሊገርመን አይገባም። «ያዘ» የሚለውን የራሳችንን እዩት። ታክሲ ያዝኩ፣ ሌባውን ያዙት፣ ጉንፋን ያዘኝ፣ ወንበር ያዝልኝ፣ ዝናብ ያዘን፣ ስምህን አልያዝኩትም። ማን ነው ይሄን በዝርዝር ያስጠናን? ማንም። ከ«ያዘ» ቀጥሎ ወይ ፊት ያለውን ነገር እያየን ነው የምንረዳው። እና ልብ በሉ፣ ከነዚህ አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ጌት ናቸው፦ «አይ ጎት ኤ ታክሲ»፣ «አይ ጎት ኤ ኮልድ»፣ «አይ ዲድንት ጌት ዩር ኔም»። አንድ ልዩነት አለ፣ በኛ ጉንፋኑ ነው ሰውየውን የሚይዘው፣ በነሱ ሰውየው ነው ጉንፋኑን የሚይዘው። ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ኮልድ ጎት ሚ» ብትሉ ሐኪሙ ይገምተዋል ግን አነጋገሩ አይደለም፣ «አይ ጎት ኤ ኮልድ» ነው።

ጌትን ሳይሆን ከጌት ቀጥሎ ያለውን እዩ

ሙሉ ዘዴው ይሄ ነው። ከኋላዋ ስም ከመጣ አንድ ነገር ነው፣ ቅጽል ከመጣ ሌላ፣ ቦታ ከመጣ ሌላ፣ ያለቀለት ግስ (እንደ «ፔይድ»፣ «ፊክስድ» ያለ) ከመጣ ሌላ።

ከኋላዋ ስም፣ ማለት ዕቃ ወይ ሰው ወይ ነገር ከመጣ፣ ነገሩ እናንተ ጋ ደረሰ ወይም እንዲደርስ እየተፈለገ ነው። አማርኛችን እንደየሁኔታው ይለያያል፣ ገዛሁም ተቀበልኩም አመጣሁም ሊሆን ይችላል። «ዌር ዲድ ዩ ጌት ዛት ጃኬት?» ማለት ጃኬቱን ከየት ገዛኸው ነው። «አይ ጎት ኤ ሌተር ፍሮም ኢሚግሬሽን» ደብዳቤ መጣልኝ ነው። «ሺ ጎት አን ኤ» ኤ አመጣች ነው፣ ውጤት ሁላችንም «አመጣ» ነው የምንለው አይደል። «ጌት ሚ ሰም ዎተር» ውሃ አምጣልኝ ነው፣ እዚህ ላይ «ሚ» የምትለዋ ልክ እንደ «ልኝ» ናት፣ አምጣ-ልኝ። አረብ አገር ሰው ቤት የሚሰሩ እህቶቻችን በየቀኑ የሚሰሙት «ጌት ዘ ኪድስ ፍሮም ስኩል» ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጪ ማለት ነው። እና በር ሲንኳኳ ወይ ስልክ ሲጮህ «ካን ዩ ጌት ዛት?» ከተባለ ሂድና በሩን ክፈት፣ ስልኩን አንሳ ማለት ነው። «ዛት» ምኑ ነው ብላችሁ አትፈልጉ፣ እየጮኸ ያለው ነገር ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ትልቅ ወጥመድ አለ። አማርኛ «አገኘሁት» ብዙ ቦታ ይሰራል። የጠፋ ቁልፌን አገኘሁት፣ ወንድምሽን መርካቶ አገኘሁት፣ ሥራ አገኘሁ፣ ደውዬ አላገኘሁትም። እንግሊዝኛው ለያንዳንዱ የተለየ ቃል አለው። የጠፋ ነገር ከሆነ «ፋውንድ» ነው። ሰው ከሆነ «መት» ወይም «ሶው» ነው፣ ሳታስቡት መንገድ ላይ ከተገጣጠማችሁ «ራን ኢንቱ» ነው። ስልክ አላነሳ ካለ «አይ ኩድንት ሪች ሂም» ነው። ሥራ ከሆነ «ጎት ኤ ጆብ» ነው፣ «ፋውንድ ኤ ጆብ»ም ይባላል፣ ሲፈልግ ቆይቶ አገኘ ለማለት። «የስተርዴይ አይ ጎት ዩር ብራዘር» ግን እንዳትሉ! «ጎት ሂም» ሲባል እንደ «ያዝኩት» ነው የሚሰማው፣ ፖሊስ ሌባ ሲይዝ «ዊ ጎት ሂም» ነው የሚለው። እና ወንድምሽን ትናንት ያዝኩት ማለታችሁ ነው።

ቅጽል ሲመጣ፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይስታል

«አይ ጎት ታየርድ» ደከመኝ። «አይ ጎት ሀንግሪ» ራበኝ። «ሂ ጎት ማድ» ተናደደ። «ኢትስ ጌቲንግ ዳርክ» እየመሸ ነው። «ኢትስ ጌቲንግ ኮልድ» እየበረደ ነው። «ጌት ዌል ሱን» ቶሎ ይማርህ፣ ይማርሽ፣ የታመመ ስትጠይቁ የምትሉት።

አማርኛውን አያችሁት? ደከመኝ፣ ራበኝ፣ መሸ፣ በረደ። ሁሉም አንዳንድ ቃል ነው፣ ለውጡ ግሱ ሆድ ውስጥ ነው ያለው። ለዚህ ነው እኛ ጌትን የምንረሳት። አማርኛው ላይ ለብቻዋ ቆማ የምትታይ ቃል ስለሌለች ወደ እንግሊዝኛ ስንሄድ ወይ «አይ አም» ብለን እናልፈዋለን ወይ ደግሞ «አይ ቢካም ታየርድ» እንላለን። «ቢካም» አይከለከልም፣ መጽሐፍ ላይ ታነቡታላችሁ፣ ግን ጓደኛችሁ ጋ ቁጭ ብላችሁ ስታወሩ «አይ ቢካም ሀንግሪ» የሚል ሰው ብዙ አትሰሙም። «አይ አም ታየርድ» ደግሞ አሁን ያላችሁበትን ነው የሚናገረው፣ ደክሞኛል ነው። «አይ ጎት ታየርድ» መሃል ላይ ደከመኝና ተቀመጥኩ የሚለውን ታሪክ ነው የሚያወራው። ደክሞኛልና ደከመኝ አንድ አይደሉም አይደል? የእንግሊዝኛውም ልዩነት ያው ነው።

በተቃራኒው ጌት የማትገባበት ቦታም አለ። ሙያ ሲሆን አትሰራም። «ዶክተር ሆነ» ለማለት «ሂ ቢኬም ኤ ዶክተር» ነው፣ «ሂ ጎት ኤ ዶክተር» ካላችሁ ሐኪም አገኘ፣ ሐኪም አስመጣ ሆኖ ቁጭ አለ። ስም ከመጣ ዕቃው እናንተ ጋ ደረሰ ብለናላ።

ማግባት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የቪዛ ኢንተርቪው ላይ ይጠየቃል። «አር ዩ ሜሪድ?» ባለትዳር ነህ ወይ ነው፣ መልሱ አዎ ወይ አይ ነው። «ዌን ዲድ ዩ ጌት ሜሪድ?» መቼ ተጋባችሁ ነው፣ መልሱ ቀን ነው፣ የሰርጉን ወይ የተፈራረማችሁበትን ቀን፣ ወረቀታችሁ ላይ ያለውን፣ ደሞ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሁለቱን አምታቶ ለ«መቼ» ጥያቄ «የስ» ብሎ የሚመልስ ሰው አለ፣ ሲጨንቅ ጆሮ «ሜሪድ» የምትለዋን ብቻ ነው የሚለቅመው። ስለዚ «ጌት» ስትሰሙ ሁነት ነው የተጠየቃችሁት፣ «አር» ስትሰሙ ሁኔታ። ሌላው፣ እኛ «ከእሷ ጋር ተጋባሁ» ስለምንል «አይ ጎት ሜሪድ ዊዝ ኸር» ይቀናናል፣ ትክክለኛው «ቱ ኸር» ነው።

ቦታ ሲመጣ

ይሄ ቀላል ነው። «ሀው ዱ አይ ጌት ቱ ዘ ኤርፖርት?» ኤርፖርት በየት በኩል ነው የሚኬደው። «አይ ጌት ቱ ወርክ አት 8» 2 ሰዓት ላይ ሥራ እደርሳለሁ፣ በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው። «ሆም»፣ «ሂር» እና «ዜር» ፊት ግን «ቱ» አይገባም። «አይ ጎት ሆም» እንጂ «አይ ጎት ቱ ሆም» የለም። «ሀው ዲድ ዩ ጌት ሂር?» ከተባላችሁ ደግሞ በምን መጣህ፣ በአውቶብስ ነው በእግር ነው ነው ጥያቄው፣ ኢሚግሬሽን ቢሮ ከሆነ ደግሞ መንገዱን በሙሉ ሊሆን ይችላል፣ ከየት ተነስተህ በየት አድርገህ።

መሳፈር ላይ አንድ ሕግ ያዙ። ውስጡ ቆማችሁ የምትራመዱበት ከሆነ፣ ባስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን፣ ስትሳፈሩ «ጌት ኦን» ስትወርዱ «ጌት ኦፍ» ነው። ጎንበስ ብላችሁ ገብታችሁ የምትቀመጡበት ከሆነ፣ መኪና፣ ታክሲ፣ ኡበር፣ «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት»። ኡበር የምትነዱ ልጆች ተሳፋሪውን «ጌት ኦፍ ሂር» አትበሉት፣ ባስ አይደለም፣ «ጌት አውት» ደግሞ ብቻዋን ከሆነች ውጣ ብሎ ማባረር ስለሚመስል «ዩ ካን ጌት አውት ሂር» ወይም «ኢዝ ሂር ኦኬ?» ብትሉ ደስ ይላል። ፈረስና ሳይክል እላያቸው ላይ ስለሚወጣ «ኦን» ናቸው።

ተ- እና አስ-

ከሁሉ የምወደው ክፍል ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ሰዋስው የሚባለው ነገር ያስጠላቸው ልጆች ሁሉ እዚህ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸው ይበራል።

አማርኛ «ከፈለ» ካለ በኋላ ፊቱ ላይ ተ ጨምሮ «ተከፈለ» ይላል፣ አስ ጨምሮ «አስከፈለ» ይላል። እንግሊዝኛ እንደዚህ ፊት ላይ የሚለጠፍ ነገር የለውም፣ ግን ሁለቱንም ሥራ ጌት ልትሰራው ትችላለች።

የ«ተ»ዋ ጌት፦ «አይ ጌት ፔይድ ኦን ፍራይዴይ» ዓርብ ይከፈለኛል። «ሂ ጎት ሃየርድ» ተቀጠረ። «ሂ ጎት ፋየርድ» ተባረረ፣ እነዚህ ሁለቱ ጆሮ ላይ ስለሚመሳሰሉ የመጀመሪያዋን ፊደል በደንብ ስሙ። «ሺ ጎት ኸርት» ተጎዳች። «ሂ ዎዝ ፋየርድ» ማለትም ይቻላል፣ ጋዜጣ ላይ እንደዛ ነው የሚጻፈው፣ በወሬ ግን ጎት ይበዛል።

እዚህም ወጥመድ አለ፣ አማርኛችን የሠራው። እኛ «ተሰረቅኩ» እንላለን፣ ስልኬን ተሰረቅኩ። ይሄን ቀጥታ «አይ ጎት ስቶለን» ካላችሁ የተሰረቀው ስልኩ ሳይሆን እናንተ ራሳችሁ ናችሁ። ፖሊስ ጋ ሄዳችሁ ስታመለክቱ «ማይ ፎን ጎት ስቶለን» በሉ፣ ዕቃው ነው ፊት የሚመጣው። አስፈራርተው ወይ ደብድበው ከቀሟችሁ «አይ ጎት ሮብድ» ነው፣ እዚህ ሰውየው ይመጣል። ይሄ ልዩነት ፖሊሱ ጋ ቀላል አይደለም፣ «ሮብድ» ካላችሁ መሳሪያ ነበረው ወይ፣ መታህ ወይ የሚል ጥያቄ ነው የሚከተለው።

የ«አስ»ዋ ጌት፦ መኪናዬን አሰራሁት፣ ጥርሴን አስነቀልኩ። ሥራውን የሠራው ሌላ ሰው ነው፣ አስደራጊዋ እኔ ነኝ። «አይ ጎት ማይ ካር ፊክስድ»። «አይ ጎት ማይ ቱዝ ፑልድ»። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፣ ጎት፣ ከዛ ዕቃው፣ ከዛ ያለቀለት ግስ። ፀጉር ላይ ሁላችንም እንሳሳታለን፣ «አይ ከት ማይ ሄር» እንላለን፣ ያ ማለት መቀስ ይዤ መስታወት ፊት ራሴ ቆረጥኩት ነው። ፀጉር አስተካካይ ጋ ሄዳችሁ ከሆነ «አይ ጎት ማይ ሄር ከት» ወይም «አይ ጎት ኤ ሄርከት»። የቤት ዕቃ ላይም ያው ነው፣ «አይ ፊክስድ ዘ ሲንክ» ካላችሁ አከራያችሁ ቧንቧውን ራሳችሁ የነካካችሁ ነው የሚመስለው።

ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ «ቱ» ትጨመራለች፦ «አይ ጎት ሂም ቱ ኮል ኸር» እንዲደውልላት አደረግኩት። ይቺ ጌት ውስጥ ልመናም ማግባባትም አለ፣ እንደምንም ብዬ አስደወልኩት ነው። «አይ ሜድ ሂም ኮል ኸር» ስትሉ ግን ግዴታ ይመስላል፣ እሱም «ቱ» አይፈልግም። ልጄን አትክልት አስበላሁት የምትል እናት እንዴት እንዳስበላችው የምታውቀው እሷ ናት፣ በተረት ከሆነ «ጎት»፣ በቁጣ ከሆነ «ሜድ»።

ኧረ አንዷን ልረሳ ነበር፦ «አይ ጎት ቱ ሲ ማይ ማም»። ይሄ ማስደረግ አይደለም፣ እናቴን ለማየት በቃሁ ነው፣ ዕድሉ ገጠመኝ። ከስንት ዓመት በኋላ አገር ቤት ገብቶ የመጣ ሰው የሚላት ናት።

አለኝ እና አለብኝ

«አይ ሀቭ ጎት ኤ ካር» መኪና አለኝ። «አይ ሀቭ ጎት ቱ ጎ» መሄድ አለብኝ። በኛ «አለኝ»ን «አለብኝ» የምታደርጋት «ብ» ናት፣ በነሱ «ቱ» ናት። ሲያወሩ ግን «ሀቭ» ትዋጣለች፣ «ጎት ቱ» ተጨፍልቃ «ጋራ» ትሆናለች፦ «አይ ጋራ ጎ»። ተራራ አይደለም፣ ልሂድ ማለቱ ነው። ስትሰሙ እንድታውቁት እንጂ እናንተ እንድትሏት ግዴታ የለባችሁም።

የአሜሪካኖች «ት» ሁለት አናባቢ መሃል ስትገባ ትለሰልሳለች፣ እንደኛ «ር» ትሆናለች። «ጌት አፕ» «ጌራፕ» ይሆናል፣ «ጎት ኢት» «ጋሪት»፣ «ጌት አውት» «ጌራውት»። ብዙ ሰው «ፈጠኑብኝ» የሚለው እኮ ፍጥነቱ ሳይሆን ይቺ «ት» ጠፍታበት ነው። እና በር ማለት የሆነችው «ጌት» ሌላ ቃል ናት፣ በፊደላችን አንድ ብትመስልም ስትነገር ሳብ ትላለች፣ ገይት እንደማለት፣ የኛዋ ጌት አጭር ናት። ኤርፖርት ላይ ስም ሲጠራ የምትሰሟት ሳብ ያለችዋን ነው።

አሜሪካ ስላለን ደሞ «ጎተን» የምትባል አለች። እንግሊዞች «ሀቭ ጎት» ብለው ይጨርሳሉ፣ አሜሪካኖች ሁለት ቦታ ይከፍሉታል፦ «አይ ሀቭ ጎት ኤ ጆብ» ሥራ አለኝ፣ «አይ ሀቭ ጎተን ኤ ጆብ» ሥራ አገኘሁ። ጎተን አሜሪካኖች ያበላሿት የሚመስለው ሰው አለ፣ አይደለም፣ የድሮዋ እሷ ናት፣ እንግሊዞቹ ተዋት እነዚህ ይዘዋት ቀሩ። ቃሏ ራሷ ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከስካንዲኔቪያ በመርከብ መጥተው ሰሜንና ምሥራቅ እንግሊዝ የሰፈሩት ቫይኪንጎች ይናገሩት ከነበረው ከድሮ ኖርስ የመጣች ናት፣ እዛ «ጌታ» ነበር የምትባለው፣ የኛን ጌታ በአጋጣሚ ነው የምትመስለው። ከዛ በፊት እንግሊዝኛው የራሱ ዘመዷ ነበረችው፣ እሷ አሁን «ፎርጌት» ሆድ ውስጥ ተደብቃ አለች። የያዝከውን መልቀቅ፣ መርሳት። ይሄን ከነገርኳቸው ወዲህ «ፎርጌት»ን የረሳ ተማሪ የለኝም።

አማርኛችን ቶሎ የማይገምታቸው

«ጌት አፕ» መነሳት ነው፣ «ዌክ አፕ» መንቃት ነው፣ 12 ሰዓት ነቅቶ 1 ሰዓት ከአልጋ የሚነሳ ሰው ሁለቱንም ያስፈልገዋል። «ጌት አሎንግ» መግባባት፣ ተስማምቶ መኖር ነው። «ጌት ሪድ ኦፍ» ማስወገድ፣ መገላገል። «ጌት ኦቨር» የደረሰብህን ነገር ማለፍ፣ ከጉንፋንም ከሐዘንም ሊሆን ይችላል፣ ግን ሐዘንተኛ ሰው «ጌት ኦቨር ኢት» አይባልም፣ «ተወው ይበቃሃል» እንደማለት ጭካኔ ነው፣ ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ እንዳታመልጣችሁ። «ጌት ባይ» እንደምንም መኖር፣ ኑሮን መግፋት። «ጌት አዌይ ዊዝ» አጥፍቶ ሳይቀጣ ማምለጥ።

ሥራ ለሚፈልጉ ልጆች ግን ዋናዋ «ዊ ዊል ጌት ባክ ቱ ዩ» ናት። ተመልሰን እንመጣለን አይደለም፣ መልሱን እናሳውቃለን ነው። ተቀጥረሃል ማለትም አይደለም፣ አልተቀጠርክምም አይደለም። አንድ ልጅ ይሄን ሰምቶ አለቀልኝ ብሎ ሌላ ቦታ ማመልከቱን ተወ፣ ሁለት ወር ጠበቀ። «ዌን ካን አይ ኤክስፔክት ቱ ሂር ፍሮም ዩ?» ብላችሁ እዛው ጠይቁ፣ ነውር የለውም፣ ሌላ ቦታም ማመልከታችሁን ቀጥሉ።

«አይ ጌት ኢት» ገባኝ። «ጎት ኢት» እሺ ገባኝ፣ አለቃ ሲያዝ የሚመለስ። «አይ ጎት ዩ» ሦስት ቦታ ትሰማለች፦ ተረድቼሃለሁ፣ አለሁልህ አታስብ፣ ሂሳብ ሲመጣ ከሆነ ደግሞ እኔ ልክፈል። «አይቭ ጎት ዚስ» ለኔ ተወው፣ እወጣዋለሁ። «ዩ ጎት ሚ» እኔም አላውቅም፣ ወይም ነቃህብኝ። «ዶንት ጌት ሚ ሮንግ» በሌላ አትተርጉምብኝ፣ ይቺ የኛን ይሉኝታ በደንብ ስለምትሸከም ውደዷት፣ የማይመች ነገር ከመናገር በፊት ትባላለች።

ስትጽፉ ቀንሷት

ሲነገር እንደፈለጋችሁ። ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስትጽፉ ወይ አይልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ድርሰት ስትጽፉ ግን የወሬ ቃል ስለሆነች ሌላውን ተጠቀሙ። ለተቀበልኩ «ሪሲቭ»፣ ለማግኘት «ኦብቴይን»፣ ለመሆን «ቢካም»፣ ለመድረስ «አራይቭ»። «አይ ሪሲቭድ ዩር ሌተር» ብሎ የሚጀምር ኢሜይል የተሻለ ይቀበሉታል። አይልትስ ጄኔራል ላይ ለጓደኛ ደብዳቤ ጻፉ ከተባላችሁ ግን ጌት ራሷ ናት የምትሻለው፣ ለጓደኛ «ኦብቴይን» አይባልም። የንግግር ፈተናውም ላይ አትሽሹ፣ ቦታዋን አውቃችሁ እስከተናገራችኋት ድረስ አነጋገራችሁን ታሳምርላችኋለች።

እንዴት ትለማመዷት

ዝርዝር አትሸምድዱ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የቀኑን ውሏችሁን ስልካችሁ ላይ በድምጽ ቅዱ፣ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ሁሉም ውስጥ ጌት ወይ ጎት ይኑር፣ እውነተኛ ውሎ ይሁን። ስንት ሰዓት ተነሳሁ፣ ሥራ ስንት ሰዓት ደረስኩ፣ ምን ገዛሁ፣ መቼ ደከመኝ፣ ምን አስጠገንኩ፣ ማን ምን ላከልኝ። መጀመሪያ ሳምንት በስም ብቻ ሥሩ፣ ሁለተኛ ሳምንት ቅጽል ጨምሩ፣ ቦታውን እዛው ደርቡት፣ ሦስተኛና አራተኛ ሳምንት «ተ» እና «አስ» ላይ ቆዩ ምክንያቱም እሱ ነው የሚከብደው። ቀን ላይ ደግሞ ባስ ላይ ወይ ሥራ ቦታ ጌት ስትሰሙ ከኋላዋ የመጣችውን አንዲት ቃል ብቻ ጻፉ፣ ሙሉውን ለመያዝ አትታገሉ።

ቡና መሸጫዋ ልጅ እንደዚህ ነው የጀመረችው፣ «የደረሰኝ» ብላ በደረሰኝ ወረቀት ጀርባ ላይ እየጻፈች ቅዳሜ ታመጣልኝ ነበር፣ የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ስሞል ኮፊ፣ ዘ ዶር፣ ሬዲ፣ ሆም፣ ፔይድ የሚሉ አምስት ቃላት ነበሩ፣ ፊት ለፊታቸው ጌት አልጻፈችም፣ ባዶ ነው የተወችው፣ እኔ ጋ መጥታ አንድ በአንድ እያነበበች አማርኛውን በቃሏ ነገረችኝ፦ ቅጂልኝ፣ ክፈችልኝ፣ ተዘጋጂ፣ ቤት ግቢ፣ ይከፈልሻል።